የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት እንዴት ይለካል?

በኬሚስትሪ ትምህርት ከሁሉ አስቀድመን የምንለምደው ቀመር ማስተካከል ነው። የሚገቡትን ንጥረ ነገሮች በግራ፣ የሚወጡትን በቀኝ ጽፈን፣ አቶሞቹ በሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆኑ ድረስ ከፊታቸው ቁጥር እናገባለን። ቀመሩ ሲስተካከል ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ጥቂት ቆም ብለን ብናስብ፣ ቀመሩ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ይነግረናል እንጂ፣ ለውጡ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አንድም ቃል አይነግረንም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ናቸው። ሁለቱን ጋዞች በንጹሕ ጠርሙስ ቀላቅለን በክፍሉ ሙቀት ብናስቀምጣቸው፣ ዓመት ቢያልፍ እንኳ ለዓይን የሚታይ ውሃ አይገኝም። እሳት ብናስነካቸው ግን በቅጽበት ይፈነዳሉ። በሁለቱም ጊዜ ቀመሩ ያው አንዱ ነው፤ የሚወጣውም ያው ውሃ ነው። ልዩነቱ ያለው በፍጥነቱ ነው። እንግዲህ ፍጥነትን የሚያህል ታላቅ ነገር ከቀመሩ ውስጥ ካልተገኘ፣ ከየት ይገኛል? መልሱ አጭር ነው፤ በመለካት ብቻ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ልክ ነው። (የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በላቦራቶሪ የደረሰብን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሙከራው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ የመስቀል ምልክት ይደረጋል፤ በምልክቱ ላይ የሶዲየም ታዮሰልፌት ብጥብጥ የያዘ ብርጭቆ ይቀመጣል፤ ከዚያም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ሁለቱ ሲገናኙ ደቃቅ ድኝ ስለሚፈጠር ብጥብጡ ቀስ በቀስ እየደፈረሰ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች የሚመለከተው ተማሪ ምልክቱ ከዓይኑ የተሰወረበትን ሴኮንድ ይመዘግባል።

ጧት በሠራነው ሙከራ ምልክቱ በ30 ሴኮንድ ጠፋ። ታዮሰልፌቱን በውሃ አቅጥነን በግማሽ ስናደርገው ጊዜው እጥፍ ሆኖ 60 ሴኮንድ ይፈጃል ብለን ጠበቅን፤ ሌሎች ቡድኖችም ያገኙት ይህንኑ ነበር። ከምሳ በኋላ ተመልሰን ብንሠራው ግን 43 ሴኮንድ ሆነ። ደገምነው፤ 42 ሆነ። ያን ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንደኛው፣ «መልሱ 60 መሆኑ የታወቀ ነው፤ 60 ብለን ጽፈን እንሂድ፤ አውቶቡስ ያመልጠናል» አለ። ሌላው፣ «ያየነው 43 ነው፤ ያላየነውን እንዴት እንጽፋለን?» ብሎ እምቢ አለ። ክርክሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን የነገሩን መሠረት እንመልከት።

ምን እንደምንለካ

የመኪና ፍጥነት ማለት በአንድ ሰዓት ውስጥ የተሄደው ኪሎ ሜትር ማለት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ማለት ደግሞ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአንድ ሊትር ብጥብጥ የጠፋው ወይም በአንድ ሊትር ውስጥ የተፈጠረው የንጥረ ነገር መጠን ማለት ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን መጠን ከዚህ በኋላ «ክምችት» ብለን እንጠራዋለን።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሞለኪዩሎችን ቆመን ልንቈጥራቸው አንችልም። ስለዚህ ለውጡ ሲካሄድ አብሮ የሚለዋወጥ አንድ የሚታይ ምልክት መፈለግ አለብን። ይህም የቀለም መድመቅ ወይም መደብዘዝ፣ የሚወጣው ጋዝ መጠን፣ የብጥብጡ መደፍረስ፣ ወይም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ ራሱ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይለዋወጣል። ጧት ገበያው ሲሞላ ሰው ከሰው ጋር በየእርምጃው ይጋጫል፤ ማታ ገበያው ሲፈታ ግን የሚገናኘው ጥቂት ነው። ሞለኪዩሎችም እንዲሁ ናቸው። ብዙ ሳሉ ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ፤ እያለቁ ሲሄዱ ግንኙነታቸውም ለውጡም ይዘገያል። ስለዚህ በመጀመሪያና በመጨረሻ ብቻ መለካት አይበቃም፤ በመካከሉም ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

የስኳሩ ሙከራ

ይህን ሥራ በሚገባ ጀመረ ተብሎ የሚጠቀሰው ሉድቪግ ቪልሄልሚ የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1850 ዓ.ም. የሸንኮራ ስኳር ከአሲድ ጋር በውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ስኳሮች የሚለወጥበትን ፍጥነት ለካ። የተጠቀመበት ምልክት ብርሃን ነበር። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን በሸንኮራ ስኳር ብጥብጥ ውስጥ ሲያልፍ፣ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ወደ ቀኝ ይዞራል። ስኳሩ ተለውጦ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ድብልቅ ሲሆን ግን ወደ ግራ ያዞረዋል። ቪልሄልሚም ብጥብጡን ሳይነካ፣ ከውስጡም ጠብታ ሳያወጣ፣ የብርሃኑን መዞር እየተመለከተ ብቻ ስንቱ ስኳር እንደ ተለወጠና ስንቱ እንደ ቀረ ለማወቅ ቻለ።

ያገኘውም ሕግ ይህ ነው። በማንኛውም ቅጽበት የለውጡ ፍጥነት በዚያ ቅጽበት ካልተለወጠው ስኳር መጠን ጋር የተመጣጠነ ነው። ይህን በምሳሌ ብናስረዳ፣ 100 ግራም ስኳር ቢኖረንና ግማሹ በአንድ ሰዓት ቢለወጥ፣ የቀረው 50 ግራም በሁለተኛው ሰዓት አያልቅም። በሁለተኛው ሰዓት የ50ው ግማሽ፣ ማለት 25 ግራም ይለወጣል፤ በሦስተኛው ሰዓት የ25ቱ ግማሽ፣ ማለት 12.5 ግራም ይለወጣል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቪልሄልሚ ይህን በሒሳብ ቀመር ጽፎ አሳተመው። በዘመኑ ግን ሥራውን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ቪልሄልም ኦስትቫልት የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ነው ስሙን ያነሣለት።

ቀጥሎም በ1860ዎቹ በኦክስፎርድ ኦገስተስ ቨርነን ሃርኮርትና ዊሊያም ኤሰን ሌላ ብልሃት አመጡ። ሃርኮርት የኬሚስትሪ፣ ኤሰን የሒሳብ ሰው ነበሩ። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ከአዮዳይድ ጋር ሲገናኝ አዮዲን ይወጣል፤ አዮዲን ደግሞ ስታርች ካለበት ሰማያዊ ቀለም ያሳያል። እነርሱም በብጥብጡ ላይ በልክ የተመጠነች ጥቂት ታዮሰልፌት ይጨምሩበታል። ታዮሰልፌቱ የሚወጣውን አዮዲን ሁሉ ስለሚበላው፣ እርሱ እስኪያልቅ ድረስ ብጥብጡ ቀለም የለውም። ባለቀበት ቅጽበት ግን በድንገት ሰማያዊ ይሆናል። ሰዓቱን ይመዘግባሉ፤ ያንኑ ያህል ታዮሰልፌት ደግመው ይጨምራሉ፤ ቀለሙ ይጠፋል፤ እንደ ገና ይጠብቃሉ። በዚህ ዓይነት ለውጡ ራሱ ሰዓት ሆኖ ይደውልላቸዋል። ይህ ሙከራ ዛሬም በየላቦራቶሪው ይሠራል።

ቀመሩ የማይነግረን ሕግ

አሁን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ወደምንሳሳትበት ቦታ ደርሰናል። ፍጥነቱ በክምችት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ከሰማን በኋላ፣ በቀመሩ ውስጥ ከንጥረ ነገሩ ፊት ያለውን ቁጥር እናይና፣ «2 ካለ ፍጥነቱ በክምችቱ ካሬ ይሄዳል» ብለን እንደመድማለን። ይህ ስሕተት ነው።

ዳይናይትሮጅን ፔንቶክሳይድ የተባለውን እንውሰድ። በተስተካከለው ቀመር ከፊቱ የተጻፈው ቁጥር 2 ነው፤ ሁለት ሞለኪዩሎቹ ፈርሰው አራት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና አንድ ኦክሲጅን ይሰጣሉ። ዳንየልስና ጆንስተን የተባሉ አሜሪካውያን በ1921 ዓ.ም. ሲለኩት ግን ፍጥነቱ በካሬ ሳይሆን በክምችቱ ልክ ብቻ የሚሄድ ሆኖ አገኙት። ክምችቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል እንጂ አራት እጥፍ አይሆንም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው የአሴቶንና የአዮዲን ነገር ነው። በቀመሩ ውስጥ አዮዲን በግልጽ ተጽፎ ይታያል። ነገር ግን አርተር ላፕወርዝ በ1904 ዓ.ም. እንዳሳየው፣ አሲድ ባለበት ብጥብጥ ውስጥ አዮዲኑ በዛም አነሰም የለውጡ ፍጥነት አይለወጥም። ምክንያቱም ዘገምተኛው ሥራ አሴቶኑ በአሲዱ እርዳታ ራሱን የሚያዘጋጅበት እርምጃ ነው። አዮዲኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ በመሆኑ፣ የተዘጋጀ ሲያገኝ ወዲያው ይይዛል፤ ካላገኘ ይጠብቃል። በምግብ ቤታችን በር ላይ ወጥ የሚጨልፍ አንድ ሰው ብቻ ቢኖር፣ በውስጥ ወንበር መጨመር ሰልፉን እንደማያሳጥረው ያለ ነው። ሰልፉን የሚወስነው ጭልፋው ነው።

ሕጉን የምናገኝበት መንገድ እንግዲህ ይህ ነው። የሌሎቹን ክምችትና ሙቀቱን እንዳለ አድርገን፣ የአንዱን ንጥረ ነገር ክምችት ብቻ እጥፍ እናደርጋለን። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ በአንደኛ ደረጃ ይሄዳል፤ አራት እጥፍ ከሆነ በሁለተኛ ደረጃ ይሄዳል፤ ምንም ካልተለወጠ ያ ንጥረ ነገር በፍጥነቱ ላይ ሥልጣን የለውም ማለት ነው። ከዚያም ወደ ሁለተኛው ንጥረ ነገር እናልፋለን።

ይሁን እንጂ መለካትም ቢሆን ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አይገልጽም። በ1890ዎቹ ማክስ ቦደንሽታይን የተባለ ጀርመናዊ የሃይድሮጅንንና የአዮዲንን ጋዝ ለውጥ በብዙ ትጋት ለካ። ፍጥነቱ ከሁለቱ ክምችቶች ብዜት ጋር የተመጣጠነ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪዩል ከአንድ የአዮዲን ሞለኪዩል ጋር ተጋጭቶ በአንድ እርምጃ ይለወጣል ተብሎ ታመነ፤ መጻሕፍትም ለብዙ ዓሥርታት ይህንኑ ምሳሌ አድርገው አስተማሩ። ያው ቦደንሽታይን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሃይድሮጅንን ከብሮሚን ጋር ሲለካ ግን ሕጉ በጣም የተወሳሰበ ሆነበት፤ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ብሮማይድ ሳይቀር ለውጡን ሲያዘገየው አገኘ። አንዱ አቶም ሌላውን እየወለደ በሰንሰለት የሚሄድ ለውጥ መሆኑ በ1919 እና በ1920 ዓ.ም. በሌሎች ሊቃውንት ተገለጠ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1967 ዓ.ም. ጆን ሰሊቫን የተባለ አሜሪካዊ የአዮዲንን ሞለኪዩል በብርሃን ወደ አቶሞች እየከፈለ ፍጥነቱን ለካና፣ ቀላል ነው የተባለው የሃይድሮጅንና የአዮዲን ለውጥም በአዮዲን አቶሞች በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ ማስረጃ አቀረበ። የቦደንሽታይን ቁጥሮች ትክክል ነበሩ፤ ከቁጥሮቹ የተወሰደው ሐሳብ ነበር መታረም ያስፈለገው። ቁጥሮቹ በእውነት ባይመዘገቡ ኖሮ ግን በኋላ የመጣው ሰው ሊመረምረው የሚችለው ነገር ባልኖረም ነበር።

ሙቀት የሚሠራው ሥራ

አሁን ወደ ላቦራቶሪው ክርክራችን እንመለስ። 43 ሴኮንድን አልጽፍም፣ 60ንም አልጽፍም ያለው ሦስተኛው ጓደኛችን ቴርሞሜትር አምጥቶ በብርጭቆው ውስጥ አስገባ። ጧት የመዘገብነው ሙቀት 18 ዲግሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብልቃጦቹን ስለመታቻቸው 23 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ብቻ ነው፤ አምስት ዲግሪ ደግሞ ለእጃችን እንኳ እምብዛም አይታወቀንም። ለኬሚካል ለውጥ ግን ታላቅ ነገር ነው።

በክፍል ሙቀት አካባቢ ለሚካሄዱ ብዙ ለውጦች፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሕግ ሳይሆን የግምት መመሪያ ነው፤ ከዚህ የሚበልጡም የሚያንሱም አሉ። በዚሁ መመሪያ ብንሄድ ለ5 ዲግሪ ፍጥነቱ 1.41 ጊዜ ይሆናል። 60ን ለ1.41 ብናካፍለው 43 ሴኮንድ ገደማ ይመጣል። ያገኘነውም ይኸው ነበር! ብልቃጦቹን በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠን ወደ 18 ዲግሪ መለስናቸውና ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ 59፣ 62 እና 60 ሴኮንድ አገኘን። አውቶቡሱ በእርግጥ አመለጠን። ነገር ግን 60 ብለን ጽፈን ብንሄድ ኖሮ፣ በዚያ ቀን የተማርነውን ትልቁን ትምህርት በገዛ እጃችን በሰረዝነው ነበር።

ሙቀት ይህን ያህል ኀይል ያለው ለምንድን ነው? ሙቀት ሞለኪዩሎቹን ስለሚያፈጥናቸው ነው ቢባል መልሱ ሙሉ አይደለም። ከክፍል ሙቀት 10 ዲግሪ ብንጨምር የሞለኪዩሎቹ አማካይ የእንቅስቃሴ ኀይል የሚያድገው በመቶ 3 ያህል ብቻ ነውና። ቁልፉን የሰጠው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው። በ1889 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ የሚጋጩ ሞለኪዩሎች ሁሉ አይለወጡም፤ ከተወሰነ ወሰን በላይ ኀይል ያላቸው ብቻ ይለወጣሉ። ይህን ወሰን አክቲቬሽን ኤነርጂ እንለዋለን። ከፍ ያለ ተራራ እንደሚሻገሩ መንገደኞች ብንቆጥራቸው፣ ከብዙዎቹ መካከል ጫፉ ላይ የሚደርሱት ጥቂት ብርቱዎች ናቸው። ሙቀት ሲጨምር የሁሉም ጉልበት በጥቂቱ ያድጋል፤ ጫፉ ላይ የሚደርሱት ቁጥር ግን በእጅጉ ይበዛል። ካታሊስት የሚባለው ረዳት ደግሞ መንገደኞቹን ሳያበረታ፣ ዝቅ ያለ ሌላ መተላለፊያ ይከፍትላቸዋል።

ይህ ነገር ከላቦራቶሪ ውጭም በየቤታችን ይታያል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከድስቱ ሥር እሳቱን ብናበዛም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የባቄላ ወይም የሽምብራ መብሰልም የኬሚካል ለውጥ ስለ ሆነ፣ በጅቡቲ ጠረፍ ከሚፈጀው ይልቅ እዚህ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እናቶቻችን እንፋሎት የሚያፍን ድስት ሲገዙ ግፊቱን ከፍ አድርገው የውሃውን መፍያ ሙቀት ከፍ ማድረጋቸው ነው።

ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነውን መለካት

እስከ አሁን የተናገርነው ሰው በሰዓቱ ሊከታተለው ስለሚችል ለውጥ ነው። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ግን ምን እንበል? ገና ሳንቀላቅላቸው ያለቀ ይመስላል። ለረጅም ዘመን እንዲህ ያለው ለውጥ «ሊለካ የማይችል ፈጣን» እየተባለ ይታለፍ ነበር።

የመጀመሪያውን በር የከፈቱት በ1923 ዓ.ም. በካምብሪጅ ሃርትሪጅና ራፍተን ናቸው። የፈለጉት የደም ሄሞግሎቢን ኦክሲጅንን የሚይዝበትን ፍጥነት ለማወቅ ነበር። ሁለቱን ፈሳሾች በኀይል እየገፉ በአንድ ቦታ አቀላቅለው በረጅም ቱቦ ውስጥ እንዲሮጡ አደረጉ። ፈሳሹ በሴኮንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ቢሆን፣ ከመቀላቀያው 1 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለው ፈሳሽ ከተቀላቀለ የሴኮንድ አንድ ሺኛ ሆኖታል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው አምስት ሺኛ ሆኖታል። ስለዚህ ቱቦውን በተለያየ ቦታ እየተመለከቱ የቀለሙን ለውጥ መመዝገብ በቂ ሆነ። ጊዜን በማስመሪያ ለኩት ማለት ነው። ጉድለቱ ብዙ ሊትር ፈሳሽ ማባከኑ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ብሪተን ቻንስ የተባለ አሜሪካዊ ፈሳሹን በድንገት የማቆምን ዘዴ በማሻሻሉ በጥቂት ፈሳሽ መሥራት ተቻለ።

ቢሆንም መቀላቀል ራሱ የሴኮንድ አንድ ሺኛ ያህል ይወስዳል። ከዚያ ለሚፈጥን ለውጥ ምን ይደረጋል? ሁለት መልሶች መጡ። በእንግሊዝ አገር ሮናልድ ኖሪሽና ጆርጅ ፖርተር በ1949 ዓ.ም. አካባቢ በአንድ ብርቱ የብርሃን ብልጭታ ሞለኪዩሎቹን ከፈሏቸው፤ ከጥቂት ቅጽበት በኋላም በሁለተኛ ብልጭታ የተፈጠረውን ነገር ፎቶግራፍ አነሡ። የጀርመኑ ማንፍሬድ አይገን ደግሞ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ መቀላቀል የሚያዘገየን ከሆነ አለመቀላቀል ይሻላል አለ። አስቀድሞ ተቀላቅሎ ሚዛኑን ጠብቆ የተቀመጠውን ብጥብጥ ወሰደና፣ በድንገተኛ ኤሌክትሪክ ወይም ሙቀት ሚዛኑን አናግቶ፣ ወደ አዲሱ ሚዛን የሚመለስበትን ጊዜ ለካ። በዚህ ዓይነት የሃይድሮጅንና የሃይድሮክሳይድ አዮኖች ተገናኝተው ውሃ የሚሆኑበት ፍጥነት ታወቀ፤ ቋሚ ቁጥሩም ክምችት በሞል በሊትር ጊዜም በሴኮንድ ሲለካ 140 ቢሊዮን ያህል ነው። ሦስቱም ሊቃውንት በ1967 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

የመጨረሻውን ትልቅ እርምጃ የወሰደው የአፍሪካ ልጅ ነው። አሕመድ ዘወይል በግብፅ ደመንሁር ተወልዶ፣ በእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በኋላ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠራ። እርሱ የለካው በፌምቶሴኮንድ ነው። ፌምቶሴኮንድ የሴኮንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ናት፤ እርስዋ ለአንድ ሴኮንድ፣ አንድ ሴኮንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት እንደ ሆነው ናት። የዘወይል ዘዴ ለውጡን በአንድ የሌዘር ብልጭታ ማስጀመርና በሁለተኛው ማየት ነው። ሁለተኛውን ለማዘግየት ረዘም ባለ መንገድ ያስኬደዋል፤ ብርሃን በአንድ ፌምቶሴኮንድ የሚሄደው የሚሊ ሜትር ሦስት አሥር ሺኛ ብቻ ነውና፣ መስታወቱን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ይበቃል። የሃርትሪጅና የራፍተን ቱቦ እዚህም ተመልሶ መጣ፤ ጊዜ አሁንም በርዝመት ተለካ። በ1987 ዓ.ም. በአዮዲን ሳያናይድ ሞለኪዩል ውስጥ አዮዲኑን ከቀሪው ጋር ያያያዘው ማሰሪያ በ200 ፌምቶሴኮንድ ገደማ ሲበጠስ ታየ። ዘወይልም በ1999 ዓ.ም. ብቻውን የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ዘገምተኛው ለውጥና የሰው ሕይወት

ፈጣኑን መለካት ያስደንቃል፤ ዘገምተኛውን መለካት ግን ሕይወት ያድናል። በየመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የሚጻፈው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ከፍጥነት ልክ የሚመጣ ቁጥር ነው። አስፕሪን እርጥበት ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና ወደ ኮምጣጤ አሲድ ይፈርሳል፤ የቆየ ዕቃ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ለዚህ ነው።

የመድኃኒት ፋብሪካ ሁለት ሦስት ዓመት ቆሞ አይጠብቅም። በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት መድኃኒቱን በ40 ዲግሪ ሙቀትና በመቶ 75 እርጥበት ለ6 ወር አስቀምጦ የመፍረሱን ፍጥነት ይለካል፤ ከዚያም በአሬኒየስ ሐሳብ ተመርቶ በተራ ሙቀት የሚኖረውን ይገምታል፤ ጎን ለጎንም በእውነተኛው ሙቀት እያስቀመጠ ግምቱን ይፈትናል።

ይህም ቀን የሚጸናው በዕቃው ላይ የተጻፈው ሙቀት ሲጠበቅ ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ 2 ዓመት የሚቆይ መድኃኒት በ45 ዲግሪ ቢከማች፣ ቀደም ባልነው የግምት መመሪያ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሆኖ ዕድሜው ወደ 6 ወር ይወርዳል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ግን አይለወጥም። በወሊድ ጊዜ የእናት ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሙቀት ላይ ከቆየ ኀይሉን ያጣል፤ የጠርሙሱ መልክ ግን አዲስ ይመስላል። በቆላ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ የጠፋው መብራት ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ አለብን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን ነገ ፋርማሲስት፣ ሐኪም፣ የፋብሪካ ኬሚስት ወይም መምህር የሚሆን ብዙ ነው። ያን ጊዜ በአንድ መዝገብ ላይ የምንጽፈው ቁጥር የአንዲት እናት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የምንለምደው ግን ዛሬ ነው፤ አንድ ምልክት ከብርጭቆ ሥር ሲጠፋ ያየንበትን ሴኮንድ እንደ ሆነ ስንጽፍ ወይም መጽሐፉ እንደሚፈልገው ስናስተካክል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ያላየውን ቁጥር የጻፈ ግን የሚለቅመውም የለውም። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ቴርሞሜትሩን እንይ፤ ልኩን ሦስት ጊዜ እንድገም፤ ያልጠበቅነው ቁጥር ሲመጣም እንደ ጠላት አንባርረው፣ እንደ እንግዳ ተቀብለን ከየት እንደ መጣ እንጠይቀው።